ፊሽካና ካቴና በአንድ ኪስ

ከሁርሶ ተነስቶ ወደ ድሬዳዋ የሚገባ መንገደኛ ጠንቅቆ የሚያውቃት አንዲት ቃል አለች። «ክፈት!» የምትል። የሚከፈተው ሻንጣ ሊሆን ይችላል፣ ማዳበሪያ ሊሆን ይችላል፣ የመኪና ኮፈን ሊሆን ይችላል። በድሬ ዙሪያ ባለ ኬላ ላይ «ክፈት» ከተባለ ይከፈታል፤ አለቀ። የድሮው የምድር ባቡር ሁርሶ ጣቢያ እያቆመ ወደ ኤረርና አፍደም በሚያዘግምበት ዘመንም ነገሩ ያው ነበር። ኮንትሮባንድ ባለበት ፈታሽ አለ፣ ፈታሽ ባለበትም «ክፈት» አለ። ታይዋን ገበያ ወርዶ ዕቃ የገዛ ሰው ሁሉ ይሄን ያውቃል።

ብዙ ሰው የማይጠይቀው ግን ሌላ ነው። «ክፈት» ያለው ሰው ማነው? የጉምሩክ ሠራተኛ ነው? ፖሊስ ነው? ዕቃውን ብቻ ነው የሚይዘው ወይስ ሰውየውንም? ለተፈታሹ ሁሉም አንድ ነው፤ ሻንጣውን ከፍቶ መቆም ነው። ለሕጉ ግን አንድ አይደለም። አሁን ደግሞ ይሄው ጥያቄ ከኬላው ተነስቶ ወደ ኳስ ሜዳው መጥቷል።

እንዴት መጣ ቢባል፣ ነገሩ ወዲህ ነው። የውድድር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ አንዱ ላለመውረድ ሲንፈራገጥ ሌላው የሚያጣውም የሚያገኘውም በሌለበት ሰዓት፣ ስታዲየም ውስጥ የሚሸት ነገር ይኖራል። በረኛው ኳሷን በዓይኑ ይሸኛታል፣ ተከላካዩ የጫማውን ክር ያስራል፣ ዳኛው ሁለተኛዋን ፍፁም ቅጣት ምት ይሰጣል። ደጋፊው ወዲያው «ጨዋታው ተሽጧል! ለቀቁ!» ይላል። ከዚያ ፌዴሬሽኑ ያጣራል ይባላል። ይጣራል፣ ይጣራል፣ ሌላ የውድድር ዓመት ይገባል። ደጋፊው በዚህ ይቃጠልና «ፌዴሬሽኑ የራሱ መርማሪ፣ የራሱ ፖሊስ ይኑረው! ፈቃድ እንደሰጣቸው ካቴናም ያግባላቸው!» ይላል። ከከዚራ እስከ ሳቢያን፣ ከመርካቶ እስከ ካዛንቺስ በየሻይ ቤቱ የሚሰማ ሐሳብ ነው።

ሐሳቡ ከንዴት የመጣ ነው፤ ንዴቱ ደግሞ ትክክል ነው። መድኃኒቱ ግን ትክክል ነው ወይ?

ባዶ እጁን የሚመረምር ሰው

በመጀመሪያ ለተቆጪው ደጋፊ ድርሻውን መስጠት ይገባል። አሠልጣኙ የሚሠራው በደረጃ ፈቃድ ነው። ዳኛው የሚያጫውተው ባጅ ይዞ ነው። ተጫዋቹ መታወቂያ (ቴሴራ) ካላወጣ ሜዳ አይገባም። የተጫዋቾች ወኪሉም ፊፋ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ እንደገና ባስጀመረው ፈተና አልፎ ፈቃድ ያወጣል። ክለቡ ራሱ በካፍ የክለብ ላይሰንሲንግ ይለካል። በሌላ አነጋገር እግር ኳስ ማለት ከላይ እስከ ታች የባለፈቃዶች ዓለም ነው። ፈቃድ ሰጪው ደግሞ ባለፈቃዱን መቅጣት ይችላል። ያግዳል፣ ገንዘብ ይቀጣል፣ ነጥብ ይቀንሳል፣ ከእግር ኳስ ያባርራል።

ችግሩ ጨዋታ የሚገዛው ሰው ፈቃድ የለውም። ቴሴራም ባጅም አላወጣም። የፌዴሬሽኑ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ደብዳቤ ቢጽፍለት ደብዳቤው ላይ ሻይ አስቀምጦ ይጠጣል። የስልክ ጥሪውን ዝርዝር የያዘው ቴሌ ነው፣ የገንዘቡን ዝውውር የያዘው ባንክ ነው፤ ሁለቱም ለፌዴሬሽን መርማሪ አይከፍቱም። መክፈትም የለባቸውም።

ዓለም ላይ ትልቁ ምሳሌ ፊፋ ራሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊፋ ማይክል ጋርሲያ የሚባሉ አሜሪካዊ የቀድሞ ዐቃቤ ሕግ የሥነ ምግባር ኮሚቴው መርማሪ አድርጎ ሾመ። ሰውየው በአሜሪካ ሳሉ የጦር መሣሪያ ነጋዴ ያስከሰሱ፣ ስማቸው የሚያስፈራ ሰው ናቸው። የ2018 እና የ2022 የዓለም ዋንጫዎች አሰጣጥን መረመሩ። ምርመራው የራሺያ ጉዳይ ላይ ሲደርስ ምን ተባለ? የዕጩነት ኮሚቴው የተጠቀመባቸው ኮምፒውተሮች የኪራይ ነበሩ፣ ለባለቤቱ ተመልሰዋል፣ ባለቤቱም አስወግዷቸዋል። በቃ! ጋርሲያ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ? የፊፋ መርማሪ የማንንም ቤት በር መስበር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2014 ከ400 ገጽ በላይ የሆነ ሪፖርት አስረከቡ፣ ፊፋ 42 ገጽ ማጠቃለያ አወጣ፣ እሳቸው ማጠቃለያው ሥራዬን አይወክልም ብለው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ለቀቁ።

ከዚያ ስድስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 27 ቀን 2015 ማለዳ፣ የስዊዘርላንድ ፖሊስ በአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጥያቄ ዙሪክ የሚገኘውን ባውር ኦ ላክ ሆቴል ገብቶ ሰባት የእግር ኳስ ባለሥልጣናትን ከአልጋቸው አስነስቶ ወሰደ። ጋርሲያ በሁለት ዓመት ያልከፈቱትን በር ፖሊስ በአንድ ማለዳ ከፈተው። ደጋፊው ይሄን አይቶ «ታዲያ ለጋርሲያ ካቴና ብንሰጣቸው ኖሮስ?» ቢል አይፈረድበትም።

የጀርመኑም ተመሳሳይ ነው። ሮበርት ሆይዘር የሚባል ወጣት ዳኛ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2004 የጀርመን ዋንጫ ላይ ሐምቡርግን ከታችኛው ሊግ ክለብ ከፓደርቦርን ጋር አጫወተ። ሐምቡርግ 2 ለ 0 እየመራ ነበር። ሆይዘር ለፓደርቦርን ሁለት ፍፁም ቅጣት ምት ሰጠ፣ የሐምቡርጉን ኤሚል ምፔንዛን በቀይ አስወጣ፣ ጨዋታው በፓደርቦርን 4 ለ 2 አሸናፊነት አለቀ። ያጋለጡት የሙያ ጓደኞቹ ዳኞች ናቸው፤ ለፌዴሬሽኑ ጠረጠርን ብለው ተናገሩ። ፌዴሬሽኑ ለብቻው ቢቀር ኖሮ ግን ነገሩ «አላደረግሁም» በሚል ቃል ይዘጋ ነበር። የበርሊን ዐቃቤ ሕግ ገባበትና ከበስተጀርባ ያሉት የውርርድ ሰዎች ተያዙ። ሆይዘር 67 ሺህ ዩሮና አንድ ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን መቀበሉ ተረጋገጠ፤ በ2005 መጨረሻ 2 ዓመት ከ5 ወር ተፈረደበት።

እዚህ ላይ ልብ ማለት ያለበት አንድ ነገር አለ። በዙሪክም ሆነ በበርሊን በሩን የከፈተው ፖሊስ ነው እንጂ ካቴና የታጠቀ ፌዴሬሽን አይደለም። የጀርመን ፌዴሬሽን ሆይዘርን ዕድሜ ልክ አገደው፣ ፍርድ ቤቱ አሠረው። ሁለት ጥፋት፣ ሁለት ዳኛ፣ ሁለት ቅጣት።

ሁለት ቆብ የደፋ ሰው

ታዲያ ሁለቱን ለምን አንድ አናደርጋቸውም? ጊዜ ይቆጥባል፣ ወጪ ይቀንሳል የሚሉ አሉ።

እንደዚህ እናስበው። አንድ ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት ለቁጥጥር ሲመጣ ባለፈቃዱ በሩን ይከፍታል። የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ፋርማሲ ሲገባ «የፍርድ ቤት ማዘዣ የታለ?» አይባልም። ፋርማሲው ፈቃዱን ሲያወጣ ቁጥጥሩን አብሮ ተቀብሏል። መዝገቡን ያሳያል፣ መደርደሪያውን ያስፈትሻል። ጥፋት ቢገኝ ፈቃዱ ይታገዳል፣ መድኃኒቱ ይወረሳል። ይሄ የቁጥጥር በር ነው፤ ሰፊ በር ነው።

ሌላው የወንጀል በር ነው። ይሄኛው ጠባብ ነው፣ ጠባብ የሆነውም ሆን ተብሎ ነው። ሕገ መንግሥቱ የማንም ቤትና የግል ዕቃ በዘፈቀደ አይፈተሽም ይላል። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ላለመናገር መብት አለው፣ የተናገረውም ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብበት እንደሚችል ሊነገረው ይገባል ይላል። ለብርበራም በመርህ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ያስፈልጋል።

አሁን ሁለቱን በሮች ለአንድ ሰው ስጡት። ምን ይሆናል? በሰፊው በር ይገባል፣ በጠባቡ በር ይዞህ ይወጣል። «ለፈቃድ እድሳት ነው የመጣሁት፣ ስልክህን አሳየኝ» ይላል። ተጫዋቹ ካላሳየ ቴሴራው አይታደስም፣ እንጀራው ነው። ካሳየ ደግሞ ያው ስልክ ነገ የወንጀል ማስረጃ ነው። ላለመናገር መብት አለህ የሚባለው ሰው ካልተናገረ ሥራ አጥ ይሆናል። ይሄ እንዴት ያለ መብት ነው?

የኳስ ሰው ይሄን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ምክንያቱም ኳስ ራሷ በዚህ ነው የምትመራው። ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፣ ካርድ ያወጣል። ኮሚሽነሩ ያየውን ይጽፋል። ዲሲፕሊን ኮሚቴው ይቀጣል። ይግባኝ ሰሚው ያያል። ዳኛው ራሱ ቀይ አውጥቶ፣ ራሱ ሪፖርት አጽድቆ፣ ራሱ አምስት ጨዋታ ቀጥቶ፣ ራሱ ይግባኙን ቢሰማ ማን ደጋፊ ዝም ይላል? «እንዴ! ከሳሽም ዳኛም?» ብሎ ጣራ ያፈርሳል። ሜዳ ላይ የማይፈቀደው ነገር ከሜዳ ውጪ፣ የሰው ነጻነት በተያዘበት ጉዳይ ላይ፣ ለምን ይፈቀዳል?

አገር ቤት የተሞከረ ነገር

ይሄ ደግሞ አገሪቱ ያልሞከረችው ነገር አይደለም። ተሞክሯል፣ ውጤቱም ታይቷል።

የፌዴራል የሥነ ምግባርና የፀረ ሙስና ኮሚሽን በአዋጅ ቁጥር 235/1993 ሲቋቋም የማስተማርም፣ የመመርመርም፣ የመክሰስም ሥልጣን ይዞ ነበር። ብዙም ሳይቆይ አዋጅ ቁጥር 239/1993 ወጥቶ በሙስና የተጠረጠረ ሰው ዋስትና እንዳያገኝ ከለከለ። ሥልጣን ብቻውን አይመጣም፤ ወንድም እህቱን ይዞ ነው የሚመጣው። ዛሬ መርማሪ ትሰጣለህ፣ ነገ መርማሪው ዋስትና አስቸግሮኛል ይልሃል።

ሁለተኛው ምሳሌ ድሬዳዋ ላይ ከማንም በላይ የሚታወቀው ነው፤ ጉምሩክ። በአዋጅ ቁጥር 587/2000 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ቀረጥ ሰብሳቢ ብቻ አልነበረም። የቀረጥና የታክስ ወንጀል መርማሪም ከሳሽም ነበር። ዕቃህን ገምቶ ቀረጥ የሚጠይቅህና አልከፈልክም ብሎ የሚከስህ አንድ ቤት ነው። ነጋዴው ቢከራከር ከማን ጋር ይከራከራል?

ከዚያ ምን መጣ? በግንቦት 2005 ዓ.ም. የፀረ ሙስና ኮሚሽኑ የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣኑን ዋና ዳይሬክተር አቶ መላኩ ፈንታን አሠረ። ባለ ካቴናው መሥሪያ ቤት ባለ ካቴናውን መሥሪያ ቤት ያዘው ማለት ነው! አቶ መላኩ አምስት ዓመት በእሥር ከቆዩ በኋላ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ክሱ ተቋርጦ ተፈቱ፤ ከዚያም በ2014 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ሚኒስትር ሆነው ተሾሙ። ማን ጥፋተኛ ነበር፣ ማን አልነበረም የሚለውን ለታሪክ እንተወው። ለኳሱ ሰው የሚጠቅመው ትምህርት ግን ግልጽ ነው። አምስት ዓመት ማለት የአንድ ተጫዋች ዕድሜ ግማሽ ነው። በ23 ዓመቱ ተጠርጥሮ የታሠረ አጥቂ በ28 ዓመቱ «ክሱ ተቋርጧል» ቢባል ማን ያስፈርመዋል?

መንግሥትም ነገሩን አይቶት መሰለኝ የሚያስብል እርምጃ ወሰደ። በ2008 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 943 የጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ መሥሪያ ቤት ሲቋቋም የመክሰሱ ሥልጣን ከኮሚሽኑም ከጉምሩኩም ተወስዶ ወደ አንድ ቤት ገባ፣ ምርመራው ወደ ፌዴራል ፖሊስ ሄደ። ያ ቤት ዛሬ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው። እንግዲህ አገሪቱ ከሙስና መርማሪውና ከጉምሩኩ የቀማችውን ካቴና አሁን ለእግር ኳስ ትስጥ ማለት ምን ማለት ነው?

ቱርክ የበላችው እሾህ

«ታዲያ ፖሊስ ብቻውን ይግባበት» የሚልም አለ። እሱም ቢሆን እሾህ አለው።

ቱርክ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2011 የስፖርት ብጥብጥንና ጨዋታ መሸጥን የሚመለከት ሕግ አወጣች፤ ቁጥሩ 6222 ነው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 3 ቀን፣ ፖሊስ ስልክ ሲጠልፍ ከርሞ የፌነርባቼውን ፕሬዚዳንት አዚዝ ይልዲሪምን ጨምሮ በርካታ የኳስ ሰዎችን አፈሰ። ሰውየው አንድ ዓመት ያህል ታሠሩ፣ በ2012 ተፈረደባቸው፣ ክለቡ ከሻምፒዮንስ ሊግ ቀረ። ከዚያ ፖለቲካው ተገለበጠ። ምርመራውን ያካሄዱት ፖሊሶችና ዐቃብያነ ሕግ ራሳቸው የአንድ ስውር ቡድን አባላት ናቸው ተባለ፣ ጉዳዩ እንደገና ታይቶ በ2015 ሰውየው ነጻ ወጡ። በሌላ በኩል የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር በክለቡ ላይ የጣለውን የሁለት ዓመት እገዳ የስፖርቱ የግልግል ፍርድ ቤት በ2013 አጽድቆት ነበር።

ልብ በሉ፦ በስፖርቱ ችሎት ጥፋት የተባለው በአገሩ ችሎት ነጻ ወጣ። ይሄ የሚያስገርም አይደለም፤ ሁለቱ ችሎቶች የሚጠይቁት የማስረጃ መጠን የተለያየ ነው። ከሜዳ ለማገድ የሚበቃ ማስረጃ ሰው ለማሠር ላይበቃ ይችላል። ይሄ ልዩነት ጉድለት አይደለም፣ ጥበቃ ነው። ሁለቱን ቆብ ለአንድ ሰው ከሰጠህ ግን ልዩነቱ ይጠፋል። ለማገድ በሚበቃው ማስረጃ ማሠር ይጀምራል።

የኢትዮጵያ ሁኔታ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ክለቡ የማነው? ድሬዳዋ ከተማ፣ አዳማ ከተማ፣ ሐዋሳ ከተማ፣ ባሕር ዳር ከተማ... ስማቸው ራሱ ይናገራል፤ የከተማ አስተዳደር በጀት ያለባቸው ናቸው። መቻል የመከላከያው ነው። በደጉ ዘመን ኦሜድላ የፖሊስ ነበር። የከተማው ፖሊስ የሚታዘዝለት አስተዳደር የክለቡ የበላይ ጠባቂ ሆኖ ሳለ ያው ፖሊስ «ይሄ ክለብ ጨዋታ ገዝቷል» ብሎ ይመረምራል ብሎ ማሰብ የዋህነት ነው። ፌዴሬሽኑስ? ፕሬዚዳንቱን የሚመርጠው ጠቅላላ ጉባዔ ውስጥ ድምፅ የሚሰጡት እነማን ናቸው? ተመርማሪው መርማሪውን የሚቀጥርበት ቤት ነው።

ፊፋም አለ። ፊፋ የመንግሥትን እጅ በፌዴሬሽን ውስጥ ሲያይ አይምርም። የስፖርት ቤተሰቡ ይሄን የሚረሳ አይደለም። በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በፌዴሬሽን አመራር ውዝግብ ምክንያት ታገደች፤ በመስከረም 2001 ከሞሮኮ፣ ከሩዋንዳና ከሞሪታኒያ ጋር ከተመደበችበት የ2010 የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ተሰረዘች። ተጫዋቾቹ ምን አጠፉ? ምንም። ፌዴሬሽን ውስጥ የመንግሥት ካቴና ይዞ የሚዞር ሰው ቢኖር ፊፋ ሌላ ደብዳቤ ለመጻፍ ብዙ ቀን አይፈጅበትም።

ሁርሶ ምን ታስተምራለች?

ሁርሶ ሲባል አብዛኛው ኢትዮጵያዊ የሚያስታውሰው ባቡር ጣቢያውን ሳይሆን ወታደራዊ ማሠልጠኛውን ነው። ስንቱ ወጣት ከየክፍለ አገሩ መጥቶ፣ በዚያ ፀሐይ ሥር ሮጦ፣ ላቡን አፍስሶ ወታደር ሆኗል። እዚያ የሚታወቅ አንድ ነገር አለ። በገባህ ቀን ጠመንጃ ይዘህ አትዞርም። መጀመሪያ መሰለፍ ትማራለህ። ትእዛዝ ከማን እንደምትቀበል ትማራለህ። መሣሪያ መፍታትና መግጠም፣ መቼ እንደማይተኮስ ትማራለህ። የተቀበልከው መሣሪያ ቁጥር አለው፣ ተመዝግቧል፣ ትጠየቅበታለህ። ኃይል የሚሰጠው ከሥርዓት በኋላ ነው እንጂ ከሥርዓት በፊት አይደለም።

የኳሱ መርማሪስ? ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የግማሽ ቀን ሴሚናር ተካፍሎ፣ ሻይና ኩኪስ ቀምሶ፣ የምስክር ወረቀት ይዞ የሚወጣ ሰው ነው «ይሠር» የሚል ቃል እንዲናገር የሚፈለገው። በማን ዕዝ ሥር ነው? ሲያጠፋ የት ይከሰሳል? የያዘው ስልክ የት ይቀመጣል? ውስጡ ያለው የሚስት ፎቶግራፍስ ማን እጅ ይገባል? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ሳይኖር ካቴና መስጠት ለምልምል ሠልጣኝ በመጀመሪያው ቀን ጥይት እንደማደል ነው።

ደጋፊው ራሱ ደግሞ ይሄን ነገር በቆዳው ያውቀዋል። በስታዲየም በር ላይ በቆመጥ ያልተነካ የቆየ ደጋፊ ጥቂት ነው። ትኬቱን በእጁ ይዞ ተገፍቷል፣ ወረፋ ላይ ቆሞ ተመትቷል። የሠለጠነ ፖሊስ እንኳ ሥልጣኑን አልፎ ሲሄድ ያየ ሰው፣ ያልሠለጠነ ፖሊስ ይጨመርልን ብሎ መጠየቁ ይገርማል።

ታዲያ ምን ይሁን?

ጨዋታ ሻጩ እየሳቀ ይኑር? አይ! መንገድ አለ። መንገዱም አገር ውስጥ ተጀምሯል፤ በዶፒንግ።

በመጋቢት 2008 ዓ.ም. የዓለም አትሌቲክስ ማኅበር ኢትዮጵያን ከኬንያ፣ ከሞሮኮ፣ ከዩክሬንና ከቤላሩስ ጋር አንድ ላይ ጠርቶ የዶፒንግ ቁጥጥራችሁ አያጠግብም ሲል አስጠነቀቀ። የፀረ ዶፒንግ መሥሪያ ቤት ተጠናከረ። ናሙና የሚወስደው እሱ ነው፣ የሚያግደው የስፖርቱ አካል ነው። ወንጀል ሆኖ ሲገኝ ግን ፋይሉ ወደ ፖሊስና ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፣ የሚፈርደው ፍርድ ቤት ነው። በ2009 ዓ.ም. አንድ አትሌት በዚህ መንገድ ሦስት ዓመት ተፈርዶበታል። ሽንቱን የወሰደው ሰው ካቴናውን አላስገባም፤ ቅጣቱ ግን አልቀረም። ኳሱስ ለምን ከዚህ ያንሳል?

አንደኛ፣ ፌዴሬሽኑም ሊጉን የሚመራው አክሲዮን ማኅበርም የፈቃድ ቁጥጥራቸውን እስከ ጥግ ይጠቀሙበት። ገና ያልነኩት ሥልጣን አላቸው። ዳኛ የማን ዘመድ ነው? አሠልጣኝ በስንት ወኪል በኩል ተጫዋች ያስፈርማል? የክለብ ሒሳብ ኦዲት ተደርጓል ወይ? ተጠርጣሪን ከሜዳ ለማራቅ ካቴና አያስፈልግም፤ ድፍረት ነው የሚያስፈልገው።

ሁለተኛ፣ ፋይሉ ከስፖርት ሥልጣን ሲያልፍ በቀናት ውስጥ ወደ ፌዴራል ፖሊስ ይሂድ፤ ከከተማ ፖሊስ ይልቅ ፌዴራል የሚሻለው ከላይ በተባለው ምክንያት ነው። እዚያም ኳስን፣ ውርርድንና የሞባይል ገንዘብን የሚያውቁ ጥቂት መርማሪዎች ይመደቡ። ፖሊስ ኳስ አያውቅም የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ መፍትሔው ግን ፖሊስን ኳስ ማስተማር ነው እንጂ የኳስ ሰውን ፖሊስ ማድረግ አይደለም። የመጀመሪያው ጥቂት ወር ይፈጃል፣ የሁለተኛውን ጥፋት ለማረም ግን ጉምሩክ ላይ እንደታየው ስምንት ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ሕጉ ጥርት ይበል። ዶፒንግ በወንጀል ሕጉ ውስጥ በስሙ ተጠርቶ ተጽፏል። የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ም ከአባላት ወይም ከሕዝብ የተሰበሰበ ገንዘብ የሚያስተዳድሩ ሕዝባዊ ድርጅቶችን ይጨምራል። ጨዋታ መሸጥም በስሙ ተጠርቶ፣ ገዢውም ሻጩም ደላላውም የሚጠየቁበት አንቀጽ ቢኖረው ፖሊሱ ምን እንደሚፈልግ ያውቃል፣ ተጫዋቹም ምን እንደሚያስጠይቀው ያውቃል።

አራተኛ፣ ለሚናገር ሰው ጥበቃ ይኑር። ሆይዘርን ያጋለጡት ካቴና የያዙ መርማሪዎች አልነበሩም፤ ሕሊና ያላቸው ዳኞች ነበሩ። እዚህ አገር «ብር ቀርቦልኝ ነበር» ብሎ የሚናገር ወጣት ተጫዋች በሚቀጥለው ዓመት ክለብ ያገኛል ወይ? ካላገኘ አንድ ሺህ መርማሪ ቢቀጠር ዋጋ የለውም። ሁሉም አፉን ይዘጋል።

ይሄ ሁሉ የደጋፊውን ንዴት ቶሎ የሚያበርድ አይደለም። ካቴና ሲንቋቋ ያረካል፣ ፋይል ሲጻፍ ያሰለቻል። ነገር ግን ዛሬ የተቀናቃኙን ክለብ ዳኛ ያሠረ ሥልጣን ነገ የራስህን አምበል ደርቢ ዋዜማ ላይ ይዞ «ለጥያቄ ነው፣ 14 ቀን ቀጠሮ ይሰጠን» ሊል ይችላል። ያን ቀን ደጋፊው ማንን ይጮሃል?

ከሁርሶ የሚመጣው መንገደኛ ኬላው ላይ ሻንጣውን ይከፍታል። ይክፈት፤ ሕግ ነው። ግን «ክፈት» ያለው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን ድረስ መሄድ እንደሚችል፣ ከዚያ በኋላ ያለው የማን ሥራ እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። የኳሱም ሰው ያው ነው። ፈቃድ የሰጠው ፈቃዱን ይንጠቅ፣ ፖሊስ ይያዝ፣ ዐቃቤ ሕግ ይክሰስ፣ ዳኛ ይፍረድ። ፊሽካና ካቴና አንድ ኪስ ውስጥ ከገቡ ግን ባለቤቱ ሲቸኩል የቱን እንደሚያወጣ አይታወቅም።